ለቤተ ሰብ፤ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ በግንብ ስለ መማረክ

ሥራን መጀመር ለብዙ ሰው ይቀላል፤ የጀመሩትን እስከ ፍጻሜው ማድረስ ግን ትዕግሥትንና ዕውቀትን ይጠይቃል። ሸማኔ ድሩን አድርቶ ጥለቱን ሳይጨርስ ቢነሣ ኩታው ለገበያ አይቀርብም፤ የደከመበትም ቀን ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ይህ ነገር በሥራ ብቻ ሳይሆን በጨዋታም እውነት መሆኑን በቅርቡ በአንድ ቤት ስላየን፣ የዛሬውን ገጻችንን ስለ ሰንጠረዥ ጨዋታ ፍጻሜ ልንጽፍበት ወደድን። ጨዋታውን የማያውቁ እናቶችና አባቶችም ገጹን እንዳይዘልሉት እንለምናለን፤ ነገሩ ስለ ጠጠር ብቻ አይደለምና።

ባለፈው እሑድ በከተማችን በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ሳንሱሲ በሚባለው ሰፈር ወደሚገኝ የወዳጆቻችን ቤት ለጥየቃ ሄደን ነበር። ሳን ሱሲ ማለት በፈረንሳይኛ ቋንቋ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው፤ የፕሩስያ ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1745 እስከ 1747 ዓ.ም. በበርሊን አጠገብ በፖትስዳም ያሠራውን የዕረፍት ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ጠርቶታል። እኛ በገባንበት ቤት ግን ሐሳብ አልጠፋም ነበር። ቡናው ተፈልቶ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ሳለ የቤቱ ልጅ በጓዳው በር አጠገብ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ 11 ዓመት ነው።

ምን እንደ ሆነች ብንጠይቅ እናቲቱ እንዲህ ሲሉ ነገሩን። ልጅቱ በምትማርበት ትምህርት ቤት የቼዝ ውድድር ተደርጎ እርስዋም ገብታ ነበር። በጨዋታው ከርስዋ የሚበልጥ የክፍል ደረጃ ያለውን ልጅ አንድ ሰዓት ያህል ታግላ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ማርካ ጨረሰችበት። በመጨረሻም ለርሱ ንጉሡ ብቻ ሲቀር፣ ለርስዋ ንጉሥዋና ሁለቱ ግንቦችዋ ቀሩ። ከዚህ በኋላ አንድ ርምጃ ብቻ ቀርቶ ነበር። እርስዋ ግን ንጉሡ እንዳያመልጣት ሰግታ አንደኛውን ግንብ ወስዳ ያለበትን ጥግ ዙሪያውን ዘጋችበት። ንጉሡም ሳይመታ መላወሻ አጣ፤ ዳኛውም ደንቡን ተመልክቶ ጨዋታው እኩል ነው ብሎ ጻፈ። ልጅቱ ወደ ቤትዋ ተመልሳ የቼዙን ሰሌዳ ከአልጋ ሥር ወርውራ፣ «ከእንግዲህ ወዲያ አልጫወትም፤ ለሚመጣው ቅዳሜም አልሄድም» አለች።

በዚህ ነገር ላይ በቤቱ ውስጥ ሁለት ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። የልጅቱ አያት፣ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ሽማግሌ፣ «ልጄ አላጠፋችም፤ አባቴ ሲነግረኝ በጥንቱ ሰንጠረዥ ጭፍራውን ሁሉ ያጣ ንጉሥ አይማረክም ነበር። ብቻውን የቀረን ማሳደድ የጨዋ ሰው ሥራ አይደለም፤ እኩል ወጡ ቢባል ምን ነውር አለበት?» ይላሉ። እናቲቱ ደግሞ፣ «አባዬ፣ እርስዎ የሚሉት መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህች ልጅ ሁሉን ነገር እስከ አፋፍ አድርሳ ከዚያ ትተወዋለች። የጀመረችውን መጨረስ ካልተማረች ነገ በትምህርትዋስ ምን ትሆናለች?» ይላሉ። ይህንም ተናግረው ሁለቱም ወደ እኛ ተመለከቱ፤ ሳንፈልግ ዳኞች ሆንን ማለት ነው።

ስለዚህ ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት አያትየው የጠቀሱት የአባቶቻችን ጨዋታ ምን እንደ ነበር መመርመር ይገባናል።

ስለ አባቶቻችን ሰንጠረዥ

የሰንጠረዥ ጨዋታ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ አገር አልፎ ወደ ብዙ አሕዛብ የደረሰ ነው። ስሙም መንገዱን ይመሰክራል፤ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ ቻቱራንጋ፣ በዓረብኛ ሻትራንጅ ሲባል በእኛ አፍ ሰንጠረዥ ሆኗል። በአገራችን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዓፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋራ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የአገሩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ እጅግ ይወዱ እንደ ነበር ጽፏል። በኋላም የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፉ የጨዋታውን ደንብ ገልጾታል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የዚህን ጨዋታ ታሪክና ሥርዓት ሰብስበው አሳትመዋል፤ ከኢጣልያ ወረራ በኋላም እየጠፋ መሄዱን አመልክተዋል።

የጥንቱ ሰሌዳ እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ ቤት ያለው አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ሆኖ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር 64 ቤት ተከፍሎ ነበር። ጠጠሮቹም ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባሉ ነበር። የጨዋታው መጀመሪያ ወረራ ይባላል፤ በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠሮቻቸውን እንደ ወደዱ ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲማረክ ነው። በዙሪያው የሚቀመጡትም ሰዎች ዝም ብለው አይመለከቱም፤ በታላቅ ድምፅ ምክር ይሰጣሉ።

የዚህ ጨዋታ ልዩ ጠባይ ግን በፍጻሜው ላይ ይታያል። አያትየው እንዳሉት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይማረክም ነበር። ከዚህም በላይ በደር ወይም በፈረስ መማረክ እንደ ታላቅ ሙያ አይቈጠርም፤ ምክንያቱም እነዚህ ብርቱዎች ናቸው። የሚያስመሰግነው በፊል፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በትንሹ በመደቅ መማረክ ነበር። ፈርዝ በዚያ ዘመን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይሄድ ስለ ነበር ከጠጠሮቹ ሁሉ ኃይለኛው ደር ነው። ዛሬ ንግሥት የምትባለው ጠጠር ያላትን ታላቅ ኃይል ያገኘችው በአውሮፓ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ደር ግን ያን ጊዜም ዛሬም አካሄዱ አንድ ነው። ዛሬ ተጫዋቾች ሩክ ይሉታል፤ ይህም ስም በፋርስ ቋንቋ ሠረገላ ማለት ነው። መልኩ ግንብ ስለሚመስል እኛ በዚህ ገጽ ግንብ እንለዋለን።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው። አያትየው ስለ ጥንቱ ደንብ የተናገሩት እውነት ነው፤ የደንቡም መንፈስ የተከበረ ነው። ነገር ግን በዚያ ጨዋታ ሁለቱም ተጫዋቾች ደንቡን አስቀድመው ያውቁታል፤ የሚያሸንፈውም ሰው ባላጋራው ጭፍራ ሳያልቅበት በፊት ማቱን እንዲያዘጋጅ ግድ ይሆንበታል። በዛሬው ቼዝ ግን ብቻውን የቀረ ንጉሥ ይማረካል፤ ካልተማረከም ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነጥብ ይጻፋል። ልጅቱም ንጉሡን በምሕረት አልለቀቀችውም፤ መማረክን ስላላወቀች አመለጣት እንጂ። ምሕረት የሚያደርግ መማረክ የሚችል ሰው ነው። የማይችል ሰው ማርኩልኝ ብሎ ሊመሰገን አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ትማር፤ ከተማረች በኋላ ማንን እንደምትለቅ እርስዋ ታውቃለች።

ይህን ብለን ሰሌዳው ከአልጋ ሥር እንዲወጣ ለመንን። ከነጮቹ ግንቦች አንዱ ከጠፋ ቈይቷልና በስፍራው የለስላሳ ቆርኪ ቆመ። ትምህርቱም ተጀመረ።

የቤቶቹ ስም

ነገሩን በጽሑፍ ለመግለጽ ለያንዳንዱ ቤት ስም እንስጠው። ነጭ በተቀመጠበት በኩል ሆነን ከግራ ወደ ቀኝ ስምንቱን ዓምዶች ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ፣ ተ እንላቸዋለን፤ ድምፃቸው የሚመሳሰለውን ፊደሎች የተውነው በንባብ ጊዜ እንዳያሳስቱ ነው። ረድፎቹ ደግሞ ከነጭ ወደ ጥቁር ከ1 እስከ 8 ይቈጠራሉ። ስለዚህ በነጭ ግራ ያለው የማዕዘን ቤት ሀ1 ሲሆን፣ በቀኙ ያለው ተ1 ነው።

ግንብ በቀጥታ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እስከ ወደደው ድረስ ይሄዳል። ባዶ በሆነ ሰሌዳ ላይ በየትኛውም ቤት ቢቆም 14 ቤት ይገዛል። ንጉሥ በዙሪያው አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ሁለት ነገሥታትም ጎን ለጎን ሊቆሙ አይችሉም። ንጉሥ ሲመታ «ቼክ» ይባላል፤ ተመትቶ ማምለጫ ሲያጣ «ማት» ነው። ይህ ቃል ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ንጉሡ መላ አጣ ማለት ነው። ንጉሥ ሳይመታ፣ ተራውም የርሱ ሆኖ፣ የሚሄድበት ቤት ከጠፋ ግን «ስቴልሜት» ይባላል፤ ይህም መላወሻ ማጣት ነው፤ ጨዋታውም እኩል ይሆናል። በማትና በመላወሻ ማጣት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ንጉሡ ተመትቷልን ወይስ አልተመታም?

አንደኛ ትምህርት፤ በሁለት ግንቦች

ሁለት ግንብ ያለው ሰው የንጉሡን እርዳታ አይሻም። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ አንደኛው ግንብ ረድፉን ይዘጋል፤ ሁለተኛው በሚቀጥለው ረድፍ ንጉሡን መትቶ ያባርራል። ከዚያ የዘጋው ያባርራል፤ ያባረረው ይዘጋል። እንዲህ እየተፈራረቁ ንጉሡን እንደ መሰላል በየረድፉ ወደ ሰሌዳው ጠርዝ ያደርሱታል።

በሰሌዳ ላይ እንየው። ነጩ ንጉሥ በበ1፣ ግንቦቹ በሀ4 እና በለ1፣ ጥቁሩ ንጉሥ በሰ5 ይቁም። ተራው የነጭ ነው።

1. ከለ1 ያለው ግንብ ወደ ለ5 ወጥቶ ቼክ ይላል። አራተኛው ረድፍ በሀ4 ግንብ ስለ ተዘጋ ጥቁሩ ንጉሥ ወደ ረ6 ይሸሻል።

2. ከሀ4 ያለው ግንብ ወደ ሀ6 ወጥቶ ቼክ ይላል። ንጉሡ ወደ መ7 ይሸሻል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ይሳሳታል። እንደ ለመደው ግንቡን ወደ ለ7 ቢያመጣ ንጉሡ አጠገቡ ስላለ በነፃ ይበላዋል። ንጉሡ ወደ ግንቦቹ ሲጠጋ ግንቦቹ ረድፋቸውን ሳይለቁ ወደ ሩቁ ዳርቻ መሄድ አለባቸው። ስለዚህ፤

3. በለ5 ያለው ግንብ በረድፉ ላይ ወደ ተ5 ይሄዳል። ንጉሡ ወደ ለ7 ተጠግቶ የሀ6ን ግንብ ሊበላ ያስባል።

4. እርሱም ወደ በ6 ይሄዳል። እነሆ፣ አሁን ሁለቱም ግንቦች ከንጉሡ ርቀዋል፤ ስድስተኛውም ረድፍ እንደ ተዘጋ ነው። ንጉሡ ወደ መ7 ይመለሳል።

5. የተ5 ግንብ ወደ ተ7 ወጥቶ ቼክ ይላል። ንጉሡ ወደ ረ8 ይሸሻል፤ ይህ የመጨረሻው ረድፍ ነው።

6. የበ6 ግንብ ወደ በ8 ይወጣል፤ ማት ነው።

ልጅቱ ይህን ሁለት ጊዜ ካየች በኋላ የተሸነፈችበትን ቦታ ራስዋ ሠርታ አሳየችን። ነጩ ንጉሥዋ በሰ3፣ ግንቦችዋ በተ7 እና በበ1፣ የባላጋራዋ ንጉሥ በሀ8 ነበር። የበ1 ግንብ ወደ በ8 ቢወጣ በዚያው ማት ይሆን ነበር። እርስዋ ግን ወደ ለ1 ወሰደችው። ሰባተኛው ረድፍ በአንደኛው ግንብ፣ የለ ዓምድ በሁለተኛው ግንብ ተዘጋ፤ ንጉሡ ግን አልተመታም። ልጅቱ ቆርኪዋን በጣትዋ ይዛ ከበ1 ወደ ለ1፣ ከዚያም ተመልሳ ወደ በ8 አደረገችው፤ ብዙ ጊዜም ዝም አለች። በኋላም፣ «እንዳያመልጠኝ ፈርቼ ነው» አለች።

አንባቢዎቻችን ይህን ቃል ልብ እንዲሉት እንወዳለን። ብዙ ጊዜ የተገኘ ነገር ከእጅ የሚወጣው በስንፍና ሳይሆን በፍርሃት ነው። ስለዚህ ሁለት ግንብ ይዘው የሚጫወቱ ልጆች አንድ ልማድ ይያዙ፤ ጠጠሩን ከማንሣታቸው በፊት «ቼክ ካልሆነ፣ ባላጋራዬ የሚሄድበት ቤት አለውን?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ቤት እንኳ ካለው ሥጋት የለም።

ሁለተኛ ትምህርት፤ በአንድ ግንብ

አንድ ግንብ ብቻ ሲኖር ነገሩ ይከብዳል፤ ግንቡ ብቻውን ማት ሊያደርግ አይችልምና ንጉሡ ራሱ መዝመት አለበት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1921 እስከ 1927 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የኩባው ሰው ሆሴ ራውል ካፓብላንካ በ1921 ዓ.ም. ባሳተመው የጀማሪዎች መጽሐፉ ትምህርቱን የጀመረው ከዚሁ ከግንብና ከንጉሥ ማት ነው። ሁሉ ከጨዋታው መጀመሪያ ሲጀምር እርሱ ከፍጻሜው መጀመሩ ብልህነት ነው፤ መድረሻውን የማያውቅ መንገደኛ መንገድ ሊመርጥ አይችልም።

በመጀመሪያ የማቱን መልክ እንወቅ። ጥቁሩ ንጉሥ በሰ8፣ ነጩ ንጉሥ በሰ6 ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ግንቡ በሀ8 ነው። ነጩ ንጉሥ ረ7ን፣ ሰ7ንና ቀ7ን ይጠብቃል፤ ግንቡ ስምንተኛውን ረድፍ ይዟል። ማት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ጥቁሩ ንጉሥ በጠርዝ ላይ፣ ነጩ ንጉሥ አንድ ቤት በመካከል ትቶ ፊት ለፊቱ፣ ግንቡ በዚያው ጠርዝ ላይ መሆን።

ወደዚህ የሚያደርሰው መንገድ እንዲህ ነው። ተራው የነጭ ሆኖ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት ሲተያዩ ግንቡ በጎን ቼክ ይበል፤ ያን ጊዜ ጥቁሩ ንጉሥ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ከመሄድ በቀር መንገድ የለውም። ነጩ ንጉሥ ግን ራሱ ቸኩሎ ፊት ለፊት ሄዶ መቆም የለበትም፤ እርሱ ሄዶ ከቆመ ተራው የጥቁሩ ይሆንና ወደ ጎን ይሸሻል። ይልቁንስ አንድ ዓምድ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ፣ ልክ እንደ ፈረስ ዝላይ ባለ ርቀት ይቁም፤ ጥቁሩ ንጉሥ ተገድዶ በገዛ እግሩ ፊት ለፊት ይመጣለታል።

ምሳሌ። ነጩ ንጉሥ በሰ3፣ ግንቡ በተ1፣ ጥቁሩ ንጉሥ በሰ5 ነው።

1. ግንቡ ወደ ተ5፤ ቼክ። ጥቁሩ ንጉሥ ወደ ረ6።

2. ነጩ ንጉሥ ወደ ሰ4። ጥቁሩ ወደ መ6።

3. ነጩ ንጉሥ ወደ ረ4። ጥቁሩ ወደ ለ6።

4. ነጩ ንጉሥ ወደ መ4። ጥቁሩ ወደ ሀ6።

5. ነጩ ንጉሥ ወደ ለ4። እነሆ ሜዳው አለቀ! ጥቁሩ ንጉሥ ከዳር ወደ ዳር ሲሸሽ ነጩ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ተከተለው፤ አሁን ግን ወደ ጎን መሸሻ ስለሌለው ወደ ለ6 ይመለሳል፤ በዚህም ፊት ለፊት ገባ።

6. ግንቡ ወደ ተ6፤ ቼክ። ጥቁሩም ወደ ሰባተኛው ረድፍ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ያው ሥራ በሰባተኛውና በስምንተኛው ረድፍ ይደገማል። ጥቁሩ ንጉሥ ፊት ለፊት ላለመግባት ብሎ ራሱ ወደ ኋላ ቢሸሽ ግንቡ አንድ ረድፍ ተከትሎት ይወጣል። ወደ ግንቡ ተጠግቶ ሊበላው ቢሞክር ግንቡ ረድፉን ሳይለቅ ወደ ሌላው ዳርቻ ይሄዳል።

በመጨረሻው አንድ ብልሃት ይቀራል፤ ይኸውም መጠበቅ ነው። ነጩ ንጉሥ በረ6፣ ግንቡ በተ1፣ ጥቁሩ ንጉሥ በሰ8 ቢሆን ሁሉም ተዘጋጅቷል፤ ነገር ግን ነገሥታቱ ፊት ለፊት አይደሉም። ጀማሪ እዚህ ላይ ንጉሡን አንቀሳቅሶ የሠራውን ያፈርሳል። የሚገባው ግንቡን ወደ ቀ1 ማድረግ ነው። ግንቡ የቀን ዓምድ ሲዘጋ፣ ነጩ ንጉሥ ረ7ንና ሰ7ን ሲጠብቅ፣ ለጥቁሩ ንጉሥ የሚቀረው ቤት ረ8 ብቻ ነው። እርሱም ግድ ወደዚያ ይሄዳል፤ ግንቡም ወደ ቀ8 ወጥቶ ማት ያደርገዋል።

በአንድ ግንብም ቢሆን መላወሻ ማሳጣት አለና ተጠንቀቁ። ጥቁሩ ንጉሥ በሀ8፣ ነጩ ንጉሥ በመ6፣ ግንቡ በለ7 ሆኖ ተራው የጥቁር ከሆነ፣ ንጉሡ አልተመታም፤ ግንቡንም ነጩ ንጉሥ ስለሚጠብቀው ሊበላው አይችልም፤ ጨዋታው እኩል ነው።

ይህን ትምህርት ጠንቅቆ የያዘ ተጫዋች ጠጠሮቹ የትም ቢቆሙ ከ16 ርምጃ በማይበልጥ ማት ሊያደርስ ይችላል። ጀማሪ 25 ወይም 30 ቢፈጅበት አይፈር፤ ደንቡ ሰፊ ጊዜ ሰጥቶታል። ነገር ግን ጠጠር ሳይማረክ፣ ወታደርም ሳይንቀሳቀስ ከሁለቱም ወገን 50፣ 50 ርምጃ ካለፈ ባላጋራው ጨዋታው እኩል ይባልልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል።

በቤት ውስጥ እንዴት እንለማመድ

ልጆቻቸውን ለማስተማር ለሚወዱ ወላጆች ምክራችን አጭር ነው። ሙሉውን ጨዋታ ከማስጀመር በፊት ሦስት ወይም አራት ጠጠር ብቻ በሰሌዳው ላይ አኑሩ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። አንድ ጊዜ ልጁ በግንቡ ወገን፣ አንድ ጊዜ ብቻውን በቀረው ንጉሥ ወገን ይጫወት፤ የሚሸሸውን ያልተጫወተ የሚያሳድደውን አያውቅምና። ርምጃውንም ጮክ ብሎ ይቍጠር፤ ዛሬ 30 ከሆነ በሳምንቱ 20 ሲሆን ልጁ ራሱ ማደጉን ያያል። ጠጠር ቢጠፋ አትዘኑ፤ ቆርኪም፣ የባቄላ ፍሬም ግንብ ሆኖ ይቆማል።

ወደ ሳንሱሲው ቤት እንመለስ። ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ልጅቱ አያትዋን ለጨዋታ ጠራች። እርሳቸው ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ያዙ፤ እርስዋ ንጉሥዋንና ቆርኪውን ያዘች። ርምጃውንም እኛ ቈጠርን። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፤ አንድ ጊዜ ግንብዋን ሊበሉባት ጥቂት ቀርቶ ነበር፤ ነገር ግን ረድፉን ሳትለቅ ወደ ሩቁ ዳርቻ ወሰደችው። በ24ኛው ርምጃ ነገሥታቱ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ፊት ለፊት ተያዩ፤ ተራውም የርስዋ ነበር። ልጅቱ ቆርኪውን አንሥታ እጅዋ በአየር ላይ ሳለ ቆመችና፣ «አባባ፣ ብለቅዎትስ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። «አሁን ነው መልቀቅሽ መልቀቅ የሚሆነው» አሉ። ጥቂት ዝም ብለውም፣ «ግን ጨርሺው፤ እንዴት እንደምትጨርሺው ልየው» አሏት። እርስዋም ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ እርሳቸው በተራቸው፣ «ይህ በደር ነው፤ አባቴ ቢያይ በመደቅ አድርጊው ይልሽ ነበር» ብለው ወታደሮቹን ከሣጥኑ ማውጣት ጀመሩ።

እኛም ጊዜው መሽቶ ስለ ነበር ተነሣን። ልጅቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ ብላ አልነገረችንም፤ እናቲቱም አልጠየቋትም። ነገር ግን ስንወጣ ሰሌዳውን ከአልጋ ሥር አልመለሰችውም፤ አጣጥፋ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው፣ ቆርኪውንም በወረቀት ጠቅልላ ከግንቡ ጋራ ስታኖር አይተናል።

ለልምምድ

ነጩ ንጉሥ በመ6፣ ግንቡ በተ1፣ ጥቁሩ ንጉሥ በለ8 ነው። ተራው የነጭ ነው፤ በሁለት ርምጃ ማት ያደርጋል። መጀመሪያ ቼክ ለማለት የሚቸኩል ሰው ንጉሡ ወደ ሀ7 ያመልጠዋል። ለጥቁሩ ንጉሥ አንድ ቤት ብቻ ትታችሁ ወደዚያ እንዲሄድ አድርጉት። ልጆች ከወላጆቻቸው ጋራ ይፈልጉት፤ መልሱን በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እናወጣለን።